ስለ ሜላት ማተብ፣ ድሬዳዋ ላለችው እታለም

ለምሳሳልሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም ካሳነሽ፤

እንዴት ከረምሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ጉልበትሽን የሚይዝሽ ነገር በድሬዳዋ ሙቀት ተሻለው ወይስ ባሰበት? ባለቤትሽ ጋሽ መሳፍንት እንዴት ነው? ትንሹ ስንታየሁስ አፉን ፈታ? ከፈታ እንግዲህ አንቺ የመናገር ተራ አታገኚም፤ የእኔ የእህት ልጅ ከሆነ ዝም አይልም። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችን ደህና ነን፤ ባለቤቴ የምሥራችም፣ ልጅሽ ሜላትም፣ ከብቱም፣ ፈረሱም። ድሮ ደብዳቤ የሚጽፍልኝ ሰው «ከሰማይ ኮከብ የበዛ ሰላምታ» እያለ የሰማዩን ኮከብ ጨርሶብኛል። ስለዚህ እኔ ከደጋው ከቆሰበር ጉም የወፈረ ሰላምታ ልኬልሻለሁ። ወረቀቱን ስትከፍቺው ቀዝቀዝ ያለ ነገር ፊትሽን ከነካሽ እሱ ነው።

ማን ጻፈልህ እንዳትይኝ። እኔ ነኝ የጻፍኩት፤ እኔ አድማሴ፣ ወንድምሽ፣ በዚህ በቀኝ እጄ። የማታ ትምህርቱን ጨርሻለሁ። ከክፍሉ ጎልማሳ ሁሉ ቀድሜ ማንበብ የቻልኩት እኔ ነኝ፤ ሌሎቹን ብትጠይቂ ሌላ ሊሉሽ ይችላሉና አትጠይቂያቸው። መምህራችን ወገኔ «አድማሴ፣ አንተ ፊደል አትጽፍም፣ ታርሳለህ» ይለኛል። ወረቀቱ የተቀደደበት ቦታ ካየሽ እንግዲህ ማረሻው ጠልቆ ነው። ሦስቱ ሀ ለምን እንዳስፈለጉ ብጠይቀው ደወል ነው ያዳነው።

ወደዚያ ትምህርት ያስገባችኝ ልጅሽ ናት። እሷ ቀን የምትማርበት የካቶሊኮቹ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማታ ማታ ለጎልማሶች ክፍሉን ይከፍታል። ለማእድ ቤታቸው እንጨት ጭኜ ስሄድ በር ላይ ጠብቃ «አጎቴ፣ ፈረስህን ስታስር እግረ መንገድህን ራስህንም እዚህ ወንበር ላይ እሰር» አለችኝ። ስሜን አስቀድማ አስመዝግባኝ ነበር። ቀን እሷ የተቀመጠችበት ወንበር ላይ ማታ እኔ እቀመጣለሁ። ወንበሩ ለእሷ ይሰፋታል፤ እኔ ግን ጉልበቴን የማደርግበት አጥቼ ስገላበጥ አመሸሁ። የሆነ ሆኖ ተማርኩ።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ጎረቤታችን ውዱ፣ አዲስ ቅዳም ከተማ ከሰል የሚነግደው፣ በሁዳዴ ደውሎ «ካቶሊኮቹ የልጅሽን ማተብ በጥሰው የራሳቸው አድርገዋታል» ብሎሻል። አንቺም ለእኔ ደውለሽ «ከፋሲካ በፊት ከዚያ ትምህርት ቤት አውጥተህ አውቶቡስ ላይ አሳፍርልኝ፤ እዚህ ከእኔ ጋር ትቀመጥ» አልሽኝ። እኔም እሺ አልኩ። ከዚያ አንዴ መንገዱ ተዘጋ፣ አንዴ ፈረሱ ታመመ፣ አንዴ ደግሞ እኔው ታመምኩ እያልኩ ሁዳዴውን ገፋሁት። ፈረሱ ጤነኛ ነበር፤ ስሙን ስጠራ ሰምቶ ታዝቦኛል። እኔም ጤነኛ ነበርኩ። ስትነቂብኝ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋሽው፤ ከዚያ ወዲህም አታነሺም። ወረቀት ግን ጆሮ ላይ አይዘጋም። ብትቆጪ እንኳ ቁጣሽን እስክትጨርሺ ካቆምሽበት መስመር ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሻል። ፊደል መቁጠር እንዲህ ያለ ጥቅም እንዳለው ባውቅ ኖሮ ከሠርጌ በፊት በተማርኩ።

ውዱ አልዋሸም። ለጥምቀት የምሥራች አዲስ ጥቁር ማተብ ገዝታ አስራላት ነበር። ጥር ሊያልቅ ሲል ከትምህርት ቤት ጉዞ ስትመለስ አንገቷ ባዶ ነው። የት አለ ብላት «ይመጣል አጎቴ» አለችኝ። ማተብ ከገበያ በራሱ እግር የሚመጣ ይመስል! እኔ ሌላ ገዝቼ ልሰርልሽ ስላት ደግሞ እጄን ይዛ «ጊዜው ሲደርስ» አለችኝ። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ የምሥራችም አለቀሰችባት፤ ያው ናት። እልኸኝነቷን ከማን እንደወረሰች አልናገርም፤ ድሬዳዋ ያለ ሰው ነው።

የመንደሩን ነገር ታውቂዋለሽ። ባዶ አንገት ያየ ሰው ሌላ ምንም አይጠይቅም። ሰንበቴ ላይ ሜላት ጠላ ልትቀዳ ስትዞር ዋንጫቸውን በእጃቸው የሚከድኑ ሴቶች ነበሩ። እሷ እንዳላየች ሆና ወደ ቀጣዩ ታልፋለች። እኔን ደግሞ «አንተስ ሮም የምትሄደው መቼ ነው?» ይሉኛል። «መንገዱን ካሳያችሁኝ በፈረሴ ደርሼ ለማታው ትምህርት እመለሳለሁ» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ፤ አብሬያቸው እስቃለሁ። ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ አይከተለኝም ነበር፣ እታለም። አደራሽን በልቼ እንደሆነ እያሰብኩ አድር ነበር።

አንድ ቀን ታዲያ ፈረሴን በራቸው ላይ አስሬ ሲስተር እህተማርያም ዘንድ ገባሁ። ሲስተር የሆሳዕና ከተማ ሰው ናቸው፤ መነኩሲት፣ የሥነ ሕይወት አስተማሪ፣ ቀድሞ ደግሞ ነርስ የነበሩ። «ሲስተር፣ የእህቴን ልጅ ማተብ የቆረጠው ማነው?» አልኳቸው፤ ድምፄ ግቢውን ሞልቶት ነበር። እሳቸው ወንበር ስበው አስቀመጡኝና «አቶ አድማሴ፣ እኔ አልቆረጥኩትም። ማን እንደቆረጠው ግን አውቃለሁ። ምሥጢሩ የእኔ ስላልሆነ ልነግርዎት አልችልም፤ የሜላትም ብቻ አይደለም። እስከ ፋሲካ ሳምንት ይታገሡኝ» አሉኝ። «እስከዚያ መንደሩ ያኝከኛል» ብላቸው «እርስዎን የሚያኝክ ጥርስ ያለው መንደር አለ?» አሉኝ። እንግዲህ ምን ያህል እንዳወቁኝ ተመልከቺ። ተቆጥቼ ገብቼ ስቄ ወጣሁ፤ አንድም ነገር እንዳልነገሩኝ ግን ያወቅሁት ኮርቻ ላይ ከወጣሁ በኋላ ነው።

እዚያ ግቢ ልጆቹን ያስቀድሷቸው እንደሆነ ለማየት ሳልጠራ አንድ እሑድ በማለዳ ሄጄ በመስኮት አይቻለሁ። ቅዳሴያቸው በግእዝ ነው። ከበሮም ጽናጽልም አለ። ግማሹን አውቀዋለሁ፤ ግማሹን ግን ሚካኤላችን ሲቀደስም አላውቀውምና አልፈርድም። ከልጆቹ ውስጥ ሜላት አልነበረችም። ስጠይቅ የኦርቶዶክስ ልጆች በየደብራቸው እንዲሄዱ ነው የሚነገራቸው አሉኝ፤ እሷም በዚያ ሰዓት ሚካኤል ውጭ ዛፍ ሥር ቆማ ታስቀድስ ነበር። ባዶ አንገቷን ነጠላ ሸፍኖት ማንም ሳያያት። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ባውቅ ኖሮ ዋንጫ የሚከድኑትን ሴቶች አንድ በአንድ እየጠራሁ እነግራቸው ነበር።

ፋሲካ አለፈና ዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ሆነ። የዚያን ቀን የሸጋ ልጅ ሰማንያ ቀን ሞልቷት ክርስትና ትነሳ ነበር። ሸጋ ማለት ከዘንገና ሐይቅ ወዲያ ማዶ ያለችው፣ ልጅ አልበረክትላት ብሎ ሁለት ሕፃን የቀበረችው ናት። ይችኛዋን ጤና ጣቢያ ወለደች ተብሎ ነበር የሰማነው። መንደሩ ሁሉ ስለሚሳሳላት ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቷል። ውዱም ነበር፤ ሰው የተሰበሰበበት ሁሉ ውዱ አለ። ቄስ ባንተአምላክ ሕፃኗን ተቀብለው «የክርስትና እናቷ ማን ናት?» ሲሉ ሸጋ ወደ ኋላ ዞራ ዛፉ ሥር ወዳለው ሰው እጇን ዘርግታ «ሜላት ናት» አለች።

ጉርምርምታው ንብ ቀፎ ውስጥ የገባሁ አስመሰለኝ። ውዱ ጉሮሮውን ጠርጎ «አባ፣ ማተብ የሌላት ሰው ክርስትና ታነሳለች እንዴ?» አለ፤ እንዲሰማ አድርጎ። ቄስ ባንተአምላክ ወደ ልጅሽ ተመልክተው «ልጄ፣ ማተብሽ የት አለ?» አሏት በዝግታ። ሜላት ዞራ ሸጋን አየቻት። ሸጋ፣ ያች ስትናገር ድምጿ የማይሰማው ሴት፣ እንዲህ አለች፦ «አባ፣ ማተቧ እኔ ቤት ነው። የልጄ እትብት የታሰረው በሱ ነው። እትብቷ ሲወድቅ አብሮ ጓሮዬ ተቀብሯል። ልጄ ዛሬ ከእጅዎ የደረሰችው በሱ ነው። ሜላት ማተብ የላትም የሚል ሰው ካለ ይምጣና ጓሮዬን ይቆፍር!»

ከዚያ ሸጋና ሜላት እየተቀባበሉ ሁሉንም ተናገሩ፣ እታለም። እኔም ሳላቋርጥ ሰማኋቸው፤ እኔ ያላቋረጥኩበትን ቀን እንግዲህ አስቢው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጉዞው ቀን ተማሪዎቹ ዘንገና ሐይቅ ዳር ወርደው ሲጫወቱ ሲስተርና ሜላት ወደ ኋላ ቀርተው በእግር መንገዱ ይመጡ ነበር። ሸጋ ከቆሰበር ገበያ ብቻዋን ስትመለስ ምጡ መንገድ ላይ ያዛት። የምትጮኸው በአገውኛ ስለነበር ሲስተር አንዱንም አይሰሙ፤ ሜላት ናት እያስተረጎመች ያዋለደችው ማለት ይቻላል። ስልኩ ኔትወርክ የለውም፤ ባጃጅም እዚያ አይደርስ። የሲስተር የመድኃኒት ቦርሳ አስፋልቱ ዳር በቆመው አውቶቡስ ውስጥ ቀርቷል። ልጅቱ ተወለደች። ሜላት ለሥዕል ክፍል የገዛችው ከመጠቅለያው ያልወጣ ምላጭ ነበራት፤ ሲስተርም ለሻያቸው በፔርሙዝ የያዙት የፈላ ውሃ ነበራቸው። የጠፋው እትብቱን የሚያስሩበት ንጹሕ ክር ነው። የጫማቸው ክር ጭቃ ነው፤ የነጠላው ጥለት ይበጠሳል። ሜላት አንገቷ ላይ እጇን አደረገች።

ሲስተር ያን ጊዜ ምን እንዳሉ ታውቂያለሽ? «ይህን እኔ አልቆርጠውም» ነው ያሉት። «እናትሽም ቄስሽም ሳይኖሩ የአንቺን ማተብ አልነካም፤ ሌላ እንፈልግ።» ሕፃኗ ግን ጊዜ አልነበራትም። ሜላት ራሷ ፈታችው፤ ራሷ በምላጩ ለሁለት ቆረጠችው፤ በፈላው ውሃ ነክራ ለሲስተር ሰጠቻቸው። እትብቱ በሁለት በኩል ታሰረ። ከዚያ ሸጋን ደግፈው አስፋልቱ ድረስ አውጥተው ጤና ጣቢያ አደረሷት። እሷም ሁለቱንም እጃቸውን ይዛ «ክርስትና እስክትነሳ ድረስ መንገድ ላይ እንደተወለደች አንድ ሰው እንዳይሰማብኝ፤ የሰው ዓይን ነው እነዚያንም የወሰደብኝ» ብላ በሚካኤል አስማለቻቸው። እነሱም ማሉ። ሜላት በዚያ ላይ የራሷን ጨመረችበት፦ ሕፃኗ ማተብ ሳታስር እኔ አላስርም አለች። ማንም አላስገደዳትም፤ አልኩሽ እኮ፣ የወረሰችው ነው።

ቄስ ባንተአምላክ ሁሉንም ሰምተው ሕፃኗን አጠመቁ። ለሕፃኗ ማተቧን ካሰሩ በኋላ ከዚያው ክር ለሜላት ቆርጠው አሰሩላት። «ልጄ፣ ማልደሽ ነግረሽኝ ቢሆን ከአፌ አይወጣም ነበር» አሏት። እሷም «አባ፣ ለአንድ ሰው ብነግር ለእናቴ ነበር የምነግረው» አለቻቸው። ይህን ስትል እኔ አጠገቧ ነበርኩ፤ በጆሮዬ ነው የሰማሁት።

የክርስትናው ድግስ ላይ ዋንጫ ሲከድኑ የነበሩት ሴቶች ለሜላት መቀመጫ ሊለቁ ሲጋፉ አንዷ ወደቀች። ውዱ ደግሞ አንድ ጆንያ ከሰል በትከሻው ተሸክሞ መጥቶ «እኔ ድሮም ይች ልጅ ሌላ ናት ብያለሁ» አለ። «ብለሃል፤ ድሬዳዋ ድረስ ነው ያልከው» አልኩት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ እኔ አድማሴ መባሌ ቀርቷል፤ የሜላት አጎት ነኝ። ገበያ ስሄድ መንገድ ይለቁልኛል፤ ካልለቀቁልኝም የማን አጎት እንደሆንኩ እነግራቸዋለሁ። አንቺም ብትሆኚ ሳታውቂው የክርስትና አያት ሆነሽ ነው ድሬዳዋ የተቀመጥሽው። የልጅ ልጅሽ ወፍራም ናት፤ ጩኸቷ የእኔን ይመስላል።

አሁን ደግሞ ሰኞ ጠዋት ያየሁትን ልንገርሽ። በዚያ ትምህርት ቤት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ አንድ ተማሪ ወጥቶ በእምነቱ ያለፈበትን ነገር ይናገራል፤ አስተንትኖ ይሉታል። ካቶሊኩም ኦርቶዶክሱም በየተራው ነው። የሜላት ተራ ሲደርስ ሲስተር አስጠሩኝ። ፈረሱን ሳይቀር አሳጥቤ ሄድኩ። ከተማሪው ኋላ ቆምኩ። ልጅሽ ወረቀት አልያዘችም። እንዲህ አለች፦ «ማተቤን ስቆርጥ አመንትቻለሁ። እግዚአብሔር ይቆጣኛል ብዬ አልነበረም፤ እናቴን አስቤ ነው። ማተብ አንገቴ ላይ ሳለ ክርስቲያን መሆኔን አስቤው አላውቅም ነበር፤ ክሩ ያስብልኝ ነበር። ባዶ አንገቴን አይቶ ሰው ሲሸሸኝ ግን በየጠዋቱ ራሴ እያሰብኩ ነው ክርስቲያን ሆኜ የዋልኩት።» ይህን ብላ ተራዋን ጨርሳ ወረደች።

ለካ ከአስተንትኖ በኋላ አይጨበጨብም፤ ሁሉም ዝም ብሎ ቆሞ ያስባል። እኔ ይህን ማን ነገረኝ? ብቻዬን አጨበጨብኩ፤ ያውም በእርሻ እጅ። ያ ሁሉ ተማሪ ዞሮ አየኝ። ላቁም ብል እጄ እንቢ አለኝ። ሲስተር እህተማርያም መጀመሪያ አቀረቀሩ፤ ቀጥሎ እሳቸውም አጨበጨቡ፤ ከዚያ ግቢው ሁሉ። በዚያ ትምህርት ቤት ከአስተንትኖ በኋላ ያስጨበጨበ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ ይባላል፤ የሚለውም እኔ ነኝ። ዓይኔን ያረጠበው የማእድ ቤታቸው ጭስ ነው፤ እንጨቱን ያመጣሁት እኔ ስለሆንኩ በማንም አልፈርድም።

ከተጨበጨበ በኋላ ግን እታለም፣ ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር መጣ። ማታ ቤት ውስጥ የምሥራች «በመስከረም እንግዲህ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ልትገቢ ነው» ስትላት ሜላት አንገቷን ደፍታ «እናቴ በራሷ አፍ ቀጥዪ ካላለችኝ አልመዘገብም። መንደሩ ሁሉ አመነኝ፤ እሷ ግን ስልክ እንኳ አታነሳልኝም» አለች። እኔ አሳዳጊሽ ነኝ፣ እኔ ፈቅጃለሁ ብላት «አጎቴ፣ አንተ አጨብጭበህልኛል፤ ይበቃሃል» አለችኝ። ከክፍሏ ሁለተኛ ናት፤ አንደኛው የመምህር ልጅ ስለሆነ አይቆጠርም። አሁን ብታቆም ያ ሁሉ ዓመት ገደል ይገባል። ስለ ሃይማኖቷ የፈራሽውን ፍርሃት ደግሞ እኔም ፈርቼዋለሁ፤ አልወቅስሽም። ልጅን ከሩቅ ሆኖ ማሳደግ ምን እንደሆነ የምታውቂው አንቺ ነሽ። አሁን ግን ፍርሃቱ መሬት የለውም።

ጋሽ መሳፍንትን በእኔ ስም ጎንበስ ብለሽ ሰላም በይልኝ፤ ጎንበስ ማለቱ ጉልበትሽን ካመመሽ ቆመሽ ይሁን። ስንታየሁን ጉንጩን ሳሚልኝ፤ ክርስትና ያነሳች እህት እንዳለችው ንገሪው፤ አይገባውም፣ ቢሆንም ይስማው። የምሥራች ቅቤ ልካለች፤ በዚያ ሙቀት ቀልጦ እንዳይፈስ ጣሳውን ደህና አድርጋ አስራዋለች። ቄስ ባንተአምላክ በጸሎት አንረሳትም ብለዋል። ሲስተር እህተማርያምም ሰላምታዬን አቅርቡልኝ አሉኝ፤ ሸጋ ደግሞ እግርሽን ስማለች። ፈረሱም ደህና ነው፤ እሱንም ጠይቂው።

ቅቤውንና ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ ሰው መድረሱን ሲነግረን፣ በቀጣዩ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ኔትወርኩ ደህና ወደሚይዝበት ወደ ቆሰበር እንወጣለን። ስልኩ ሜላት እጅ ላይ ይሆናል። እኔ ወዲያ ራቅ ብዬ ፈረሴን ይዤ እቆማለሁ፤ እንደማላወራ እምልልሻለሁ። አንቺ ደውዪ። ብዙ ቃል አያስፈልግሽም፤ «ቀጥዪ፣ ልጄ» ካልሻት ይበቃታል። ፊቷን ሳይ እኔ ከሩቅ አውቀዋለሁ።

ወንድምሽ አድማሴ
ዘንገና፣ እንጅባራ
ግንቦት 3 ቀን 2015 ዓ.ም.